ያልተመታው ደወል

ኢላን፣ የሸምበቆ ሰፈር፣ ታይዋን
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለካን ፔክሁን፣

እንደምን ከርመሻል? አራስነትሽ እንዴት አለፈ? ሕፃኗ ኢንዩ ጡት በደንብ ትይዛለች? ባልሽ ጊሆንግስ እንደምን አለ? «እኛ ሁላችን ደህና ነን» የምትለዋ መስመር እዚህ ላይ ትመጣ ነበር። ዛሬ ዘልያታለሁ።

ቁጭ ብለሽ ነው የምታነቢው? ቁጭ በይ። ልጅቷንም ለባልሽ ስጪው።

ልጄ፣ አባትሽ አርፏል። ሁይታት ጃንዋሪ ሃያ አራት ቀን ጠዋት፣ አንቺ በወለድሽ በአራተኛው ቀን፣ ጥሎን ሄደ። መርዶውን ያቆየሁት እኔ ነኝ። አራስ መርዶ አትሰማም፤ ወሯ እስኪሞላ ይደበቃል፤ የአገራችንን ደንብ መቼም አልረሳሽውም። ለጨረቃው አዲስ ዓመት ስትደውዪ «ቤተ መቅደስ ሄዷል» ያለችሽ ሚስቴ፣ ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው ያለቀሰችው። እኔን ተቀየሚኝ፤ እሷን ግን ተያት።

አሟሟቱን ልንገርሽ። ስልክሽ ደርሶ «ሴት ልጅ ናት» የተባለ ዕለት፣ ያንን አረንጓዴ የፖስታ ሞተሩን አስነስቶ ደብዳቤ ያለውንም የሌለውንም ቤት አንኳኳ። «ለእናንተ ዛሬ ፖስታ የላችሁም፤ የኔን ግን ስሙ፤ አያት ሆንኩ!» እያለ። ድልድዩን ተሻግሮ ለአሸዋ ሰፈሮች ሳይቀር ነገራቸው። ሦስት ቀን አገሩን አደነቆረው። በአራተኛው ጠዋት ደብዳቤ ለይተን ስንጨርስ፣ እንደ ሁልጊዜው ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠና «ቦክሳን፣ ልጅቷ ጆሮዬን ብትወርስ ደስ ይለኛል። አፍንጫዬን ግን አደራ!» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ደገፍ አለ። የሚያላግጥ መስሎኝ «ተነስ አንተ፣ ከባድ ነህ» ብዬ ገፋሁት። አልተነሳም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። እኔ ደስታ ነው ባይ ነኝ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ዕድሜ ልኬን የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ኖሬ፣ የገዛ ወንድሜን መርዶ ለሽቦ አልሰጥም አልኩ።

አፈሩ ይቅለለው። አንቺንም ሰማይ ያጽናሽ።

አጎትሽ ካን ቦክሳን


ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል
ማርች 15 ቀን 1996

ለአጎቴ ለካን ቦክሳን፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታው ይህችው ናት፤ ከዚህ በላይ አልችልም።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። እኔን ጭራሽ በዶሮ አታለላችሁኝ! ወሩን ሙሉ አማቴ የሰሊጥ ዘይት ዶሮ እየሠራች «ብዪ፣ ደም ይተካል» ስትለኝ፣ እኔም እየሳቅኩ ስበላ፣ አባቴ አፈር ውስጥ ነበር። እሷ ታውቅ ነበር! ጊሆንግም ያውቅ ነበር! በዚህ ቤት የማናውቀው እኔና ኢንዩ ብቻ ነበርን። የአባቷን ሬሳ ያልሸኘች ልጅ ምን ልጅ ትባላለች? ፎቶውን ማን ያዘለት? ከሬሳው ፊት ማን ሄደ?

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ጸጉሬን የጎነጎነ እሱ፣ ለትምህርት ቤት ምሳዬን የቋጠረ እሱ። ሞግዚት ሲያጣ በፖስታ ከረጢቱ ውስጥ ከደብዳቤው ጋር አስቀምጦ ያዞረኝ ነበር። በየደጁ ሲቆም «ይቺን ጥቅል ማን እንደላካት አላውቅም፤ አድራሻም የላትም፤ በቃ ለኔ ትቅር» እያለ ሰዉን ያስቃል። እኔ ግን በእያንዳንዱ ደጅ «አሁን ሊሰጠኝ ነው እንዴ?» ብዬ አንገቱን አንቄ እይዘው ነበር። እርስዎም ከኋላ በሌላው ብስክሌት ነበሩ፤ አይረሱትም።

ለሦስት ቀን ኢንዩን ይዤ ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጊሆንግ ደብዳቤዎን ወርውሬው ከነበረበት አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «አፍንጫዬን ግን አደራ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሁለታችንም ኢንዩን ዞር ብለን አየናት። አጎቴ፣ አፍንጫው ነው! ቁርጥ እሱ! ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቄን ተከትሎ ለቅሶው መጣ፤ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

አሁንም ተቀይሜያለሁ። ግን ሁሉንም ይጻፉልኝ። «ደህና ነው» የሚል ቃል እንዳያስገቡ።

የወንድምዎ ልጅ ፔክሁን


ኢላን፣ የሸምበቆ ሰፈር
ኤፕሪል 3 ቀን 1996

ለተቆጣሽው ልጄ ለፔክሁን፣

ቁጣሽ ዕድሜ ይስጠው፤ በእሱ ነው ደህና መሆንሽን ያወቅሁት። ስድቡንም ተቀብዬዋለሁ። ሚስቴ «ያንስሃል» ብላኛለች።

ፎቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከፊት የሄደው ግን ላው ቶንግሃይ ነው። አዎ፣ የአሸዋ ሰፈሩ ደወል መቺ፤ አባትሽ በየዓመቱ በበዓሉ የዘንዶ ጀልባ ውድድር ጀልባው ላይ ቆሞ ሲፋጠጠው የኖረው ቶንግሃይ። ሰፈሩን አስከትሎ ድልድዩን ተሻገረና የአባትሽን የነሐስ ደወል ከግድግዳ አውርዶ «ዛሬ የምሸኘው እኔ ነኝ» አለ። መምቻውን አነሳ። እጁ አየር ላይ ቀረች። «ብቻዬን መትቼ አላውቅም» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሁለት ሰፈር ተላቀሰ።

ጓደኝነታቸው ከየት እንደመጣ አባትሽ ነግሮሽ ያውቃል? ጉራ ስለሚመስለው አይነግርሽም፤ እኔ ልንገርሽ። አንቺ ገና አልተወለድሽም። ጀልባዎቹ ለመነሻ ጎን ለጎን ሲመጡ የኛ አንድ የዘንዶ አንገት ያህል ቀደመ። ቶንግሃይ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ እኩል የሆንን መሰለውና ደወሉን መታ። አባትሽም በዚያች ቅጽበት ቢመታ ሩጫው ይጸናል፤ ከመጨረሻው መስመር የሚነጠቀው ባንዲራ የኛ ነው። እኛ ቀዛፊዎቹ «ምታ! ምታ!» ብለን ጮህን፤ እኔማ በመቅዘፊያ ጀርባውን ጎሸምኩት። እሱ መምቻውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ዝም! አንድ ደወል ብቻ ስለተመታ ሁለታችንም ወደኋላ ተመለስን፤ በኋላም ተሸነፍን። ዓመቱን ሙሉ የሰፈሩ ሰው ደብዳቤውን ከእጁ ሲቀበል «አመሰግናለሁ» አይለውም ነበር። እሱ ግን «በጀልባ ላይ ብሰርቅ ኖሮ፣ ፖስታችሁን ምን ብላችሁ ታምኑኝ ነበር?» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሱን እጅ የተጠራጠረ የለም፤ ከወንዙ ማዶም ቢሆን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። በእሱ ቦታ የሻይ ነጋዴውን ልጅ ጁንኪያትን አቁመን ባለፈው እሁድ በሌላ ደወል ሞከርን። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እጁ ግን ከዓይኑ ይቀድማል። የቶንግሃይ እጅ ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለ። ቀኑን ሙሉ ወደፊት ወደኋላ ስንል ውለን፣ መጨረሻው በመቅዘፊያ መፈናከት ሆነ። የአንዱ ጥርስ ወንዝ ውስጥ ቀርቷል።

ወሬው ሲሰማ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ ሹም መጣብን። «መነሻውን የሚያዘው ማነው?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት። «ሁለቱ ደወል መቺዎች እኩል ነን ብለው ሲያምኑ አብረው ይመታሉ። ያኔ ነው ሩጫው።»

«አንዱ ብቻ ቢመታስ?»

«ወደኋላ።»

«ካልተስማሙስ?»

«እስኪስማሙ ነዋ!»

«ይህማ ቀኑን ሊፈጅ ነው።»

«ፈጅቶ ያውቃል» አልኩት። «ምሳህን ይዘህ ና።»

አልሳቀም። ዘንድሮ ሁለቱ ደወሎች ከሰዓት በፊት አብረው ካልተመቱ፣ ዳኛ ሆኖ በማስጀመሪያ ሽጉጥ ያስነሳናል። ሽጉጥ! ፔክሁን፣ ያ ሽጉጥ አንዴ ከጮኸ የአባትሽ ነገር አለቀ። ሰው ሰውን አምኖ የሚነሳበት ሩጫ ከእንግዲህ የለም፤ እሱንም ያኔ ነው በቁሙ የምንቀብረው። በዓሉ ጁን ሃያ ነው።

የምለምንሽ ይህን ነው፤ የአባትሽ ደወል ያንቺ ነው። ለጁንኪያት ልስጠው? በእሱ ደወል ቢመታ ምናልባት እጁ አደብ ይገዛ እንደሆን። ፈቃድሽን ጻፊልኝ።

አጎትሽ ቦክሳን


ሳኦ ፓውሎ
ኤፕሪል 19 ቀን 1996

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ለእርስዎም ለአክስቴም ሰላም ይሁን። ኢንዩ መሳቅ ጀምራለች፤ ስትስቅ ያ አፍንጫ ይብሳል።

የፀሐይዋን ታሪክ አልነገረኝም ነበር። ጊሆንግ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ደወሉን ስጡት፤ ፈቅጃለሁ። ግን አጎቴ፣ ደወሉ ለጁንኪያት ምንም አይፈይድለትም። ነገሩ ያለው ነሐሱ ውስጥ አይደለም።

አባቴ በየዓመቱ ሩዙ ለምለም ሲሆን ሥራ ከወጣ በኋላ ወንዙን አሻግሮ እዚያኛው ዳር ያቆመኝ ነበር። እሱ በዚህ ዳር፣ እኔ በዚያ ዳር፤ ሁለታችንም የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዘን እንሄዳለን። አንዴ እሱ ይፈጥናል፣ አንዴ እኔ እዘገያለሁ፤ እኩል ስንሆን ሳንጠራራ አብረን እንመታለን። «እግሬን አትዪ፣ ወንዙንም አትዪ፤ ትንፋሼን እዪ» ይለኝ ነበር። «ለመምታት ስዘጋጅ አየር እስባለሁ፤ አንቺም ሳቢ። ሁለት ሰው አብሮ ከተነፈሰ፣ እጅ ሌላ ምን ምርጫ አላት?»

አንድ ቀን ላሸንፈው ቸኩዬ ቀድሜው ሳለሁ መታሁ። ማንኪያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመና ከማዶ ጮኸብኝ፦ «ብቻሽን ከመታሽማ ድስት መክደን ነው! ወጥ ልሥራልሽ?» ተናድጄ ክዳኑን ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። እስከ ጉልበቱ ገብቶ አወጣው። ያን ዕለት በዚያው ክዳን ተከድኖ የበሰለ ዓሣ በላን።

ወንዶቹ ሲያድጉ ጀልባ ገቡ። እኔ ሴት ነኝ፤ አልገባሁም። ግን እስክዳር ድረስ የአባቴ ሁለተኛ ደወል እኔ ነበርኩ። «በድስት ክዳን ይለማመዳል ብለው እንዳይስቁብኝ» እያለ ለማንም እንዳልናገር ያስምለኝ ነበር። መሐላዬን ዛሬ አፍርሻለሁ፤ ይቅር ይለኛል። ለጁንኪያት ይህን ንገሩት፤ የቶንግሃይን ትንፋሽ ይይ። ከዚህ ሌላ ትምህርት የለም።

ፔክሁን


ኢላን፣ የሸምበቆ ሰፈር
ሜይ 4 ቀን 1996

ለልጄ ለፔክሁን፣

ሰላምታውን በኋላ እከፍልሻለሁ፤ አሁን ትንፋሽ የለኝም።

ለጁንኪያት ነገርነው። ሞከረ። የቶንግሃይን ትንፋሽ ሲያይ የራሱን መተንፈስ ረስቶ ጀልባው ውስጥ ሊወድቅ ነበር። ራሱ ደወሉን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠና «ጋሼ፣ የኔ አይደለም፤ ባንዲራ ንጠቅ በሉኝ እንጂ ይሄን ተዉኝ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

ከዚያ ቶንግሃይ ቤት ሄድኩና ደብዳቤሽን አነበብኩለት። የድስት ክዳኑ ጋ ስደርስ አስቆመኝ። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ብድግ አለ። «በየዓመቱ ማታ ማታ በኛ ዳር ቋ! የሚል ነገር እሰማ ነበር። ሰው ከሩዙ ላይ ወፍ የሚያባርር መስሎኝ! ያቺ ልጅ ነበረች? ከደወል መቺ ጋር ስንት ዓመት አብራ የመታች ሰው እያለች ነው እናንተ ጥርስ ለጥርስ የምትሰባበሩት?»

«ሴት ናት» አልኩት። «ሐዘንተኛም ናት። ሐዘን ያለበት ሰው ጀልባ አይነካም።»

«ያንን የሚወስነው አንተ ነህ ወይስ የወንዙ ጌታ?»

ጫማውን ሳያስር ድልድዩን ተሻግሮ ቤተ መቅደሳችን ገባ። የማዶ ሰው፣ በኛ መቅደስ! የጨረቃ እንጨቶቹን አነሳና ተንበርክኮ «የሁይታት ልጅ በአባቷ ቦታ ትቁም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጣላቸው፤ አንዱ በጀርባው አንዱ በሆዱ ወደቀ፤ እሺ ነው። ደግሞ ጣለ፤ እሺ። ለሦስተኛ ጣለ፤ እሺ! ሽማግሌው ታን «አራተኛም ይጣል፤ ሴት ነች እኮ» ሲል፣ ቶንግሃይ ዞሮ «የወንዙ ጌታ ደንቆሮ መሰለህ?» አለው። መቅደሱ በሳቅ ፈረሰ። ታንም ሳቀ።

መጀመሪያ ፈቃድሽን ለመንኩሽ፤ ሰጠሽኝ። አሁን ልመናዬ ተለውጧል። አንቺን ነው የምለምነው። ነይ።

አጎትሽ ቦክሳን


ሳኦ ፓውሎ
ሜይ 19 ቀን 1996

ለአጎቴ፣

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄ፣ ጽፌ ቀድጄ ነው። አማቴ «ሐዘንተኛ፣ ሴት፣ የምታጠባ፣ ሦስቱንም ይዘሽ ጀልባ ላይ?» ብላ ምሳ አልበላ አለች። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ተሳስቼ ብመታ፣ ያ ሹም ሽጉጡን ቢያወጣ፣ አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያውን ቀብር አላየሁም፤ ሁለተኛውን በገዛ እጄ?

ጊሆንግ ሱቅ ውስጥ ሊጥ ሲጠብስ እየሰማኝ ነበር። ማንሻውን አስቀመጠና የድስት ክዳን አንስቶ ፊቴ ቆመ። «አልችልበትም፤ ግን ሞክሪኝ» አለኝ። አየሁት። አየር ሲስብ ሳብኩ። አብረን መታን። ደንበኞች ዞረው አዩን፤ ኢንዩ በሳቅ ሞተች። አማቴ ከጓዳ «እንዲያው ዕብዶች!» አለች፤ ማታ ግን የኢንዩን ልብስ ስታጥፍ አገኘኋት።

ያባት ዕዳ ለልጅ ነው። ጁን አሥራ አምስት እኔና ኢንዩ እንደርሳለን።

ፔክሁን


ኢላን፣ የሸምበቆ ሰፈር
ሜይ 30 ቀን 1996

ለልጄ፣

ይህች ከመነሳትሽ በፊት ትድረስሽ። ከብራዚል ምንም ስጦታ አታምጪ፤ አፍንጫዋን ብቻ አምጪልኝ። የሐዘን ጨርቁን ከክንድሽ አታውልቂ፤ የወንዙ ጌታ እያየው ነው እሺ ያለው። ሹሙ በበኩሉ ሽጉጡን ሲወለውል ይውላል አሉ። ይወልውል።

ቦክሳን


ሳኦ ፓውሎ
ጁላይ 3 ቀን 1996

ለምወድዎ አጎቴ፣

የተሸኘንበት እጅ ይባረክ፤ በሰላም ገብተናል። ጊሆንግ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ነበር፤ ሳይስመኝ «በይ፣ እንዴት ሆናችሁ?» አለኝ። ሻንጣዬን ጥዬ ጮህኩ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ዞሮ አየኝ።

እርስዎ ዳር ላይ ኢንዩን ታቅፈው ስለነበር ከጀልባው ውስጥ የሆነውን አላዩም፤ እኔ ልንገርዎ። ስገባ ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን መፈተሽ ቀጠሉ። ጁንኪያት ብቻ ከባንዲራ ነጣቂው ቦታ ዞር ብሎ «እትዬ፣ አያያዝሽ ልክ እንደ ጋሽ ሁይታት ነው» አለኝ። ከኋላዬ አንዱ «አያያዝ ባንዲራ አይሆንም» አለ።

በማዶዎቹ ጀልባ ላይ ቶንግሃይ ቆሟል። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ የማላውቀው ሰው ሆነ።

ጎን ለጎን መጣን። የኛ ልጆች ጉልበታቸው በዝቶ ቀደምን፤ ትንሽ አይደለም፣ የዘንዶው አንገት ሙሉ። «ይህስ አይሆንም፣ እንመለሳለን» ብዬ ሳስብ ቶንግሃይ እጁን አነሳና መታ! አጎቴ፣ ያንን ድምፅ የሰማሁት በሆዴ ነው። ጀልባው በአንድ አፍ ጮኸ። «ምቺ! ምቺ እንጂ! ደነዘዝሽ እንዴ?» ጁንኪያት ሳይቀር «እትዬ፣ የኛ ናት፣ ምቺ!» አለ። ብመታ አሸንፈን ነበር። ሴት ናት፣ ሐዘንተኛ ናት ያሉኝ ሁሉ በትከሻቸው ይሸከሙኝ ነበር። ልቤም ምቺ አለችኝ፤ አልዋሽዎትም። እጄ ግን እኔን አልጠየቀችኝም። መምቻው ደረቴ ላይ ነበር።

የአንዱ ደወል ድምፅ ውሃው ላይ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ኧረ ስድቡ! «ለመሸነፍ ነው ከብራዚል ድረስ የመጣሽው?» ያለኝን ሰው ድምፁን አውቄዋለሁ፤ እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ ስድቡ ከዳር እስከ ዳር ድንገት ቆመ። ለምን እንደቆመ እስካሁን አልገባኝም። ሹሙን አየሁት፤ ሽጉጡን ከጭኑ ላይ አንስቶ ሰዓቱን እያየ ነው።

ተመልሰን እንደገና መጣን። ከዚህ በኋላ ሕዝብ አልሰማሁም፣ ወንዝም አላየሁም፤ የቶንግሃይን ደረት ብቻ። ሲስብ ሳብኩ። ሁለት ደወል አልሰማሁም አጎቴ፤ አንድ ደወል ነው የሰማሁት። የአባቴን።

የቀረውን አይተዋል። ጁንኪያት ዘንዶው አፍንጫ ላይ በሆዱ ተኝቶ ባንዲራዋን ሲነጥቅ፣ አብሯት ወንዝ ገብቶ፣ እጁ ብቻ ባንዲራዋን ይዛ ከውሃ በላይ ስትቀር! «አያያዝ ባንዲራ አይሆንም» ያለኝ ሰው እጄን ይዞ ሲያለቅስ አልሳቅሁበትም።

ማታውንም አልረሳውም። ሐዘን ያለበት ቤት በበዓሉ የቅጠል ሩዝ አይጠቀልልም፤ ከጎረቤት ይመጣለታል። አክስቴ «ሁለት ሦስት ቢደርሰን ነው» ብላ ነበር። የተሸነፈው ሰፈር ሴቶች ድልድዩን ሞልተው መጡ እንጂ! በሩ ላይ ሰቀሉ፣ መስኮቱ ላይ ሰቀሉ፣ ቦታ ሲያጡ የአባቴ ሞተር እጀታ ላይ ሰቀሉ። «ለሐዘንተኛ ነው» ይላሉ፤ መልሰው ደግሞ «በሚመጣው ዓመት እናሳያችኋለን!» ብለው ይስቃሉ። እንዲህ ያለ ሐዘን ቤት አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አልጥም ብሎኛል። ቶንግሃይ ለምን መታ? ያኔ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ነው ብለውኛል። የዘንድሮው ቀን ግን ደመና ነበር። ዓይኑ ደክሞ ይሆን? እዚህ ጥሩ መነጽር ሠሪ አለ፤ ልላክለት?

ልጅዎ ፔክሁን


ኢላን፣ የሸምበቆ ሰፈር
ጁላይ 17 ቀን 1996

ለምኮራብሽ ለፔክሁን፣ ለጊሆንግ፣ ለደጓ አማትሽ፣ ለባለ አፍንጫዋ ኢንዩ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ይድረስ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አየሽ፣ መስመሯ ተመልሳለች።

ሹሙ ሽጉጡን እንደወለወለ ይዞት ሄደ። ሲሄድ ምን አለኝ? «አንዴ ደወሉን ልሞክረው?» አለኝ። ሰጠሁት። ቋ! አደረገው። «ብቻህን ከመታህማ ድስት መክደን ነው» አልኩት። አልገባውም፤ በሚመጣው ዓመት ግን ምሳውን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል።

ስድቡ ለምን እንደቆመ ልንገርሽ። ወጣቶቹ ሲሳደቡ፣ ያቺን የፀሐይዋን ዓመት ያየን ሽማግሌዎች መምቻው ደረትሽ ላይ ሲያርፍ አይተን ከተቀመጥንበት ተነሳን። በሁለቱም ዳር። ማንም ተነሱ አላለንም። ወጣቶቹ እኛን አይተው ዝም አሉ። እኔም ያኔ አባትሽን በመቅዘፊያ የጎሸምኩት ሰውዬ፣ ልጅሽን እንደታቀፍኩ ቆምኩ።

የመነጽሩን ነገር ለቶንግሃይ አነበብኩለት። ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚው ላይ፣ አባትሽ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ተቀምጦ የቅጠል ሩዝ እየበላ ነበር። ሩዙ ጉሮሮው ላይ እስኪቀር ሳቀ። ጀርባውን መትቼ አተረፍኩት።

«ዓይኔ እንኳን ጀልባ የዝንብ እግር ይቆጥራል!» አለኝ።

«ታዲያ አንገት ሙሉ ቀድመውህ እያየህ ለምን መታህ? እሷ ብትመታስ ኖሮ? ሰፈርህን ባንዲራ ልታሳጣው ነበር እኮ!»

ቅጠሉን ቀስ ብሎ አጣጠፈ። «ያኔስ ሁይታት ሰፈሩን አሳጥቶ የለ?» አለኝ። «ቦክሳን፣ እናንተ ሬሳ አይታችሁ ሞቷል አላችሁኝ። እኔ ሬሳውን አላምንም። ሁይታትን የማውቀው በአንድ ነገር ነው፤ በዚያው ፈተንኩት። ልጁ ብትመታ ኖሮ ያን ዕለት ደወሌን ወንዝ ውስጥ ጥዬ ሐዘን እቀመጥ ነበር። አልመታችም። እኔም እስከዛሬ ሐዘን አልተቀመጥኩም።»

ከዚያ ጣቱን ቀስሮ «ይህን ለልጅቷ እንዳትጽፍ! መነጽሩን ትላክልኝ፤ ያምርብኛል» አለኝ።

እኔ ግን ፖስተኛ ነኝ። አንድ ጊዜ መልእክት አቆይቼብሽ፣ በዶሮ አታለልከኝ ተብዬ ልኬን አግኝቻለሁ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም። በፌብሩዋሪው ደብዳቤዬ የጻፍኩልሽንም ስህተት እዚሁ አርሚልኝ። ቶንግሃይ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እጅ በእጅ ይኸው አድርሻለሁ፦

አባትሽ አልሞተም።

አጎትሽ ካን ቦክሳን